የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አበባና ፍራፍሬ በበጋ ኬክ

ጥያቄ፦ ለድግስ የላቬንደር ኬክ ጋገርኩ። 250 ግራም ዱቄት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ አበባ ነበር የጨመርኩት። የቀመሱት ሁሉ «ሳሙና ሳሙና ይላል» አሉኝ። ችግሩ አበባው ነው ወይስ አሠራሬ?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ግን መጠኑ ነው። ለዚህ ያህል ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ እርስዎ የጨመሩት ስድስት እጥፍ ነው። ዓይነቱንም ይዩት። ለሳሙናና ለሽቶ በብዛት የሚመረተው ዲቃላ ላቬንደር መድኃኒት መድኃኒት የሚል የካምፎር ጠረን ይበዛበታል። ማሸጊያው ላይ ለምግብ መሆኑ ያልተጻፈበትን አይግዙ።

አበባውን እንዳለ ሊጡ ውስጥ አይበትኑት፤ ጥርስ ሥር የገባ አንድ ፍሬ እንኳ ይመራል። ጠረኑን ወተቱ ይሳበው። ለኬኩ የሚሆነውን 120 ሚሊ ሊትር ወተት ዳር ዳሩ አረፋ እስኪያወጣ ያሙቁ፤ ከእሳት ያውርዱና አበባውን ጨምረው ይክደኑት። ካልተከደነ ጠረኑ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ያጥልሉት። አይደር፤ እየቆየ ሲሄድ የሚወጣው ምሬት ነው። አበባው የጠጣውን ያህል ወተት ይተኩና በደንብ ያቀዝቅዙት፤ ትኩስ ከገባ ከስኳር ጋር የተመታውን ቅቤ ያቀልጠዋል፣ ኬኩም አይነፋም። ወተቱ ሲቀመስ ከሚፈልጉት ጠንከር ማለት አለበት፤ ዱቄቱና እንቁላሉ ያለዝቡታልና። የአንድ ሎሚ ልጣጭ ነጩን ሳይነኩ ፈቅፍቀው ከስኳሩ ጋር በጣትዎ ይሹት። ላቬንደር ያለ ሎሚ ይከብዳል፤ እኛ አንለያቸውም።

ጥያቄ፦ የጽጌረዳ ውሃ ሊጡ ውስጥ ጨምሬ በ180 ዲግሪ ስጋግረው ጠረኑ ይጠፋል። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ። ጠረኑ በሙቀት የሚተን ስለሆነ ቢጨምሩም ኦቨኑ ውስጥ ይቀራል። ከጋገሩ በኋላ ይስጡት። 100 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሁለት ደቂቃ ያፍሉ፤ ለብ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ የጽጌረዳ ውሃ ጨምረው ይቅመሱ፤ ካነሰ እስከ አንድ ማንኪያ ይሂዱ። ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያልና በአንዴ አያፍስሱ። ኬኩን በቀጭን እንጨት ወግተው፣ ለብ እንዳለ ሽሮፑን በብሩሽ ያጠጡት። ለማስጌጫ ትኩስ ቅጠሎቹን ካሰቡ፣ ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ ኬክ ላይ አይቀመጥም፤ ለመበላት ታስቦ ስላልተመረተ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ቀይ ይሆናል ብዬ በከርከዴ የጋገርኩት ኬክ ግራጫ ሆነ። ለምን?

መልስ፦ ቤኪንግ ሶዳ ተጠቅመው መሆን አለበት። የከርከዴ ቀለም ቀይ ሆኖ የሚቆየው አሲድ ውስጥ ነው፤ ሶዳ አሲዱን ሲያጠፋው ወደ ሰማያዊና ግራጫ ይዞራል። ቤኪንግ ፓውደር ይሻላል፤ ቢሆንም እንቁላል ነጩም ቀለሙን ስለሚገፋው ከኬኩ ውስጥ ደማቅ ቀይ አይጠብቁ። ቀለሙ የሚያምረው አይሲንጉ (ኬኩ ላይ የሚፈሰው የስኳር ቅብ) ላይ ነው። 10 ግራም ደረቅ ከርከዴ በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፈው ያጥልሉ። ሲቀዘቅዝ ለ200 ግራም ዱቄት ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ከደረቀብዎ በሻይ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ፣ ቀጥኖ ከወረደ ግን ስኳር ይመልሱበት። ጥቂት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ ቀዩን ያደምቀዋል። ወተት ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ ይቆራርጠዋል።

ጥያቄ፦ የአናናስና የኪዊ ጄሊ ኬክ ላይ አፍስሼ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ቢያድርም አልረጋም።

መልስ፦ ጥሬ አናናስ፣ ኪዊና ፓፓያ ፕሮቲን የሚበጣጥስ ኢንዛይም አላቸው፤ ጄሊውን የሚያረጋው ጄላቲን ደግሞ ፕሮቲን ነው። ጄላቲን ቢጨምሩበትም አያድነውም። የተፈጨውን ፍራፍሬ አስቀድመው ለጥቂት ደቂቃ ያፍሉት፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። የታሸገ አናናስ በሙቀት ያለፈ ስለሆነ ይረጋል።

ድግሱ ደጅ ከሆነ በጄላቲን ፈንታ አጋር የሚባለው ማርጊያ ይሻላል። ከባሕር አረም የሚገኝ ስለሆነ ኢንዛይሙ አይነካውም፤ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ አንዴ ከረጋ ደግሞ እስከ 85 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ አይቀልጥም። ጄላቲን በሞቃት ቀን ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ለ500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ የአጋር ዱቄት በቀዝቃዛው በጥብጠው ሁለት ደቂቃ ያፍሉት፤ ቶሎ ስለሚረጋ ኬኩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።