«አማካሪዬ በራሷ ትዳር ዓይን እያየችኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራውን ካጣ ወዲህ ማታ ማታ ጠጥቶ ይገባል። እጁን አንሥቶብኝ ባያውቅም ቤታችን ሰላም አጥቷል፤ ትልቁ ልጄ የግቢው በር ሲከፈት እርሳሱን አስቀምጦ የአባቱን አረማመድ ያዳምጣል። የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ብሄድ በሁለተኛው ቀጠሮ «እኔም ከእንዲህ ዓይነት ትዳር ነው የወጣሁት፤ እንዲህ ያለ ሰው አይለወጥም፣ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ» አለችኝ። የደረሰባት ሰው ናትና ልመናት ወይስ ሌላ ልፈልግ?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል» ይባላልና፣ ችግሩን በራሷ ያየች ባለሙያ ማግኘትዎ እንደ ዕድል ቢታይዎት አያስገርምም። ባሏ የሚጠጣባት ሴት ለዘመድ ምን ብላ እንደምትሸፋፍን፣ ጠዋት በጤናው ሲያናግራት ተስፋዋ እንዴት እንደሚመለስ፣ ያለፈችበት አማካሪ ሳይነገራት ይገባታል። ይህ ግን የሚጠቅመው ለመስማትና ለመጠየቅ ነው። ባለቤትዎ ከሥራ ማጣቱ በፊት ይጠጣ እንደ ነበር፣ መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ከመጠጡ ሥር ድባቴ ይኑር አይኑር፣ ከሁሉም በላይ እርስዎ ራስዎ ምን እንደሚፈልጉ ተጠይቀው እንደ ሆነ ከደብዳቤዎ አላገኘሁም። ሳይጠየቁ ውሳኔው ተነግሮዎት ከሆነ፣ ውሳኔው የተሰጠው በእርስዎ ትዳር ላይ ሳይሆን በእሷ ትዳር ላይ ነው።

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1910 ይህን ጉዳይ «ካውንተርትራንስፈረንስ» ብሎ አንሥቶታል፤ ታካሚው በሐኪሙ ውስጥ የሚቀሰቅሰው ስሜት ማለት ነው። ዛሬ በሙያው ይህ ስሜት እንደ ነውር አይቆጠርም፤ የሚያስጠይቀው ሳይመረመር ምክር ሆኖ ሲወጣ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊንሃን በልጅነቷ ራሷን እየጎዳች ሆስፒታል ተኝታ እንደ ነበር በአደባባይ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ራስን ለመግደል ለሚሞክሩ ሰዎች የቀረጸችው ሕክምና ግን ከዚያ 20 ዓመት ቀድሞ፣ በ1991፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር ተነጻጽሮ ውጤቱ በጥናት ታትሞ ነበር። ስቃይዋ ወደ ሥራው መራት፤ ሕክምናው የተመዘነው ግን በሌሎች ሰዎች ላይ ባሳየው ለውጥ ነው። እኔ በዚህ መንገድ አምናለሁ።

ስለ ልጅዎ የጻፉትን ሳነብ ልቤ ወደ እሱ አደላ። እኔም የሚጠጣ አባት ያሳደገኝ ነኝ፤ በሩ በተከፈተበት ሁኔታ ብቻ ምሽቱ እንዴት እንደሚያልፍ እለይ ነበር። ስለዚህ ይህን ምላሽ ለእርስዎ በመጻፍ ፈንታ ለልጁ ተሟጋች ሆኜ እንዳልጽፈው ረቂቁን ለሥራ ባልደረባዬ አስነብቤአለሁ። ባለሙያዎች ሱፐርቪዥን የምንለው፣ ጉዳይን ይዞ ልምድ ካለው ሌላ ባለሙያ ጋር መመካከር፣ ጥቅሙ ይኸው ነው። ልጅዎን የሚመለከተውን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ የአባቱ መጠጣት በእሱ ጥፋት እንዳልመጣ ከእርስዎ አፍ ይስማ።

አማካሪዋን ወዲያው እንዲተዉ አልመክርም፤ ታሪኳን መናገሯም በራሱ ስሕተት አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ «የእርስዎን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ የራሴን ሐሳብ መለየት አቃተኝ፤ ባለቤቴ ሊለወጥ እንደማይችል ያወቁት ከእኔ ከሰሙት ነው ወይስ ከራስዎ?» ብለው በጨዋነት ይጠይቋት። ጥሩ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ታመሰግናለች፣ ወደ እርስዎም ጉዳይ ትመለሳለች። ብትቆጣ ወይም ታሪኳን ደግማ ብታስረዳዎት ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ይህም ውለታ ቢስነት አይደለም። ባለቤትዎ መዛት ወይም እጁን ማንሣት ከጀመረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ከልጆችዎ ጋር ደኅንነትዎ ወደሚጠበቅበት ዘመድ ቤት ይሂዱ፤ የትዳሩን ውሳኔ ከዚያ ሆነው ማሰብ ይችላሉ።