ባለ እጅን የናቀ አገር፦ ለጠየቅሽኝ ልጅ

ልጄ፣ ባለፈው ከንግግሬ በኋላ «ላሊበላን ያነጸ ሕዝብ እንዴት መለዋወጫ እንኳን ከውጭ ይጠብቃል?» አልሽኝ። ቸኩዬ ስለ ጦርነትና ስለ ድርቅ አወራሁልሽ። ቤት ስገባ ግን አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

በወጣትነቴ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ መሐንዲስ ነበርኩ። እሳቸው የቶርኖ ቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው። አንድ ቀን የመቁረጫው ማሽን ቢላዋ ተሰበረ። ትርፍ የለንም፤ ከአውሮፓ እስኪመጣ ደግሞ ሥራው ሊቆም ነው። እሳቸው የአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ አስመጡ። ቀጥቅጠው ቅርጽ ሰጡት፣ አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩት። ከዚያ አንዱን ጎኑን ወልውለው ቀስ ብለው እንደገና አሞቁት። ቀለሙን ነው የሚያዩት። ፈዛዛ ቢጫ ሆነ፣ ወደ ቡናማ አደላ፤ ሐምራዊ ሳይሆን ቶሎ አወጡት። ትንሽ ቢዘገዩ ብረቱ ይለሰልሳል፤ ቢቸኩሉ ይሰበራል። እኔ ይህንን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ በእጄ ግን አልችለውም። ቢላዋው አዲሱ እስኪመጣ ሠራ።

«ማን አስተማረዎት?» ስላቸው ዝም አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሰው በሌለበት፣ አባታቸው ቀጥቃጭ እንደነበሩ ነገሩኝ። ልጆቻቸው እንኳን አያውቁም። ለወጣቶቹ ሠራተኞች ያስተምሩ ብዬ ለመንኳቸው። «ከየት ተማርከው ይሉኛል» ብለው እምቢ አሉ። ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ያ ሁሉ እውቀት አብሯቸው ተቀበረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ይወስዳል፤ ዞር ብሎ ቡዳ ይለዋል፣ ልጁን አይድርለትም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ መቅደላ ድረስ ተጎትቷል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ጋፋትም አብሮ ቀረ። ሙያው የአንድ ንጉሥ ፍላጎት እንጂ የአገር ክብር አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን ቤት ውስጥ ቀጠለ።

ባህል ብቻ ነው እንዳልል ደግሞ የመሬቱ ነገር አለ። በብዙ ቦታ ባለ እጅ ርስት አልነበረውም። ርስት የሌለው ሰው ምን ክብር ይኖረዋል? እንዲያውም ንቀቱ ከመሬቱ የጀመረ ይመስለኛል።

የዛሬ ወጣቶች ከዚህ ነጻ ናችሁ ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ቴክኒክና ሙያ የሚገባ ልጅ ዛሬም እንደ ወደቀ ይታያል፤ ሁሉም ወንበር ይፈልጋል። በሌላ በኩል መርካቶ ምናለሽ ተራ ስገባ ከቁርጥራጭ ብረት ዕቃ የሚያወጡ ልጆች አያለሁ። እነሱን ሳይ የተናገርኩትን ልመልሰው ይቃጣኛል።

በርትተሽ ተማሪ አልልሽም፤ ታውቂዋለሽ። ክረምት አገር ቤት ስትሄጂ ግን አንድ ቀጥቃጭ ፈልጊ። በአክብሮት ጠይቂያቸው፦ ብረቱን በምን ያጠነክራሉ? መቼ ያወጡታል? ቀለሙ ምን ሲሆን? ጻፊው። ከፈቀዱልሽ በስልክሽ ቅረጪው፤ የሚሠሩ እጆቻቸው ይታዩ።