አንዷ "እሺ" ለሦስት ስትሰነጠቅ፦ ተዋጊ አብራሪ መሆን ለምትፈልጉ

ሰላም ናችሁ? የዚህ ወር ጥያቄ ግማሹ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጣ ነው፣ አብዛኛውም "አየር ኃይል መግባት እፈልጋለሁ፣ የአቪዬሽን ቃላት ከነትርጉማቸው ይላኩልኝ" የሚል። ዝርዝር አልልክም፣ ይቅርታ። ግራውንድ ስኩል (ከበረራ በፊት ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ትምህርት) ሳስተምር ሁለት መቶ ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም የሚወርድ ልጅ ነበረኝ፣ "ከፍታህ ስንት ነው?" ስለው ግን ቁጥር ብቻ ጠራልኝ፣ ከምን ተነስቶ እንደተለካ ብጠይቀው ዝም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የኛ አንድ ቃል ኮክፒት (አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ሲገባ ሁለት ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ የት ጋ እንደሆነ ካላወቃችሁ ሽምደዳው ዋጋ የለውም። እስቲ በጥያቄዎቻችሁ እንየው።

ጋሼ፣ ፊልም ላይ "ሮጀር ሮጀር" ሲባባሉ እሺ እሺ ማለታቸው ነው አይደል? (ናቲ፣ ከሐዋሳ)

አይደለም ናቲዬ። የኛ "እሺ" እኮ ጉደኛ ቃል ናት። እናትህ ሱቅ ስትልክህ ሶፋ ላይ ተጋድመህ "እሺ" ትላለህ፣ ሰማሁ ማለትህ ነው? እሄዳለሁ ማለትህ ነው? ወይስ ተይኝ ማለትህ ነው? እናትህ ታውቅሃለች፣ ታወር (የኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ) ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን አያውቅህም። ሮጀር ማለት ያልከውን በሙሉ ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ በቃ፣ አዎም አይደለም አደርገዋለሁም አይደለም። አደርገዋለሁ ለማለት "ዊልኮ" ነው፣ አዎ ለማለት "አፈርም"፣ አይ ለማለት "ኔጋቲቭ"። ማኮብኮቢያው ይታይሃል ወይ ብለው ጠይቀውህ ሮጀር ካልክ ምንም አልመለስክም ማለት ነው። ደሞ ከፍታ ወይ የማረፍ ፈቃድ ሲሰጡህ ሮጀር ብለህ አታልፍም፣ ቁጥሩን ራሱን ደግመህ ትነግራቸዋለህ፣ ሪድባክ ይባላል፣ ተሳስተህ ሰምተህ ከሆነ እዛው እንዲይዙህ ነው። "ናይን"ን "ናይነር" የሚሉትም ለዚሁ ነው፣ ሬዲዮው ሲንሿሿ ናይንና ፋይቭ ይመሳሰላሉ።

አልቲትዩድና ሃይት መዝገበ ቃላት ላይ ሁለቱም "ከፍታ" ነው የሚለው፣ ልዩነት አላቸው? (ቤቲ፣ ከደብረ ብርሃን)

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም ቤቲ፣ ግን እሱን ይዘሽ ከበረርሽ ተራራ ውስጥ ልትገቢ ትችያለሽ። ሃይት ከስርሽ ካለው መሬት የሚለካ ነው፣ አልቲትዩድ ከባህር ወለል። ባህር ዳርቻ ላለ ሀገር ሰው ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ ለኛ ለደገኞቹ ግን ሰማይና ምድር ነው። ቦሌ ኤርፖርት ከባህር ወለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ነው ያለው (ዜና ላይ ጫማ የሚሉት ፉቱን ነው፣ አንዱ 30.48 ሳንቲ ሜትር)። አልቲሜትርሽ (ከፍታ መለኪያሽ) 10,000 ሲያሳይሽ ከስርሽ 10,000 ጫማ አየር ያለ ይመስልሻል፣ ከቦሌ አስፋልት በላይ ያለሽው ግን 2,375 ጫማ ብቻ ነው። እንጦጦ ደሞ ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ በጫማ ወደ 10,500 ይመጣል፣ ስለዚ በዛ ከፍታ ወደ ሰሜን ቀጥ ብለሽ ከሄድሽ ባህር ዛፉ መሃል ነሽ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፍላይት ሌቭል ነው። አልቲሜትር የሚሰራው የአየር ግፊት እየለካ ነው፣ ግፊቱ ደሞ ከቦታ ቦታና ከሰዓት ሰዓት ይለያያል፣ ስለዚ ታች ስትሆኚ የአካባቢውን ግፊት ከታወር ተቀብለሽ ትሞያለሽ፣ ወደ ላይ ስትወጪ ግን ሁሉም አብራሪ 1013 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ያደርገዋል፣ ቢሳሳቱም እኩል እንዲሳሳቱ። ፍላይት ሌቭል 250 ማለት በዛ ሙሊት 25,000 ጫማ ማለት ነው። በ10 ሄክቶፓስካል ከተሳሳትሽ ወደ 300 ጫማ ገደማ ነው የምትሳሳቺው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የኛ አየር ኃይል በጃንሆይ ጊዜ የአሜሪካ ኤፍ 5 ነበር የሚያበረው፣ በደርግ ጊዜ ሚጎቹ መጡ፣ በኤርትራው ጦርነት ሰሞን በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ደሞ ሱኮይ 27። የአሜሪካኖቹ ዳሽቦርድ በጫማና በኖት ነው የሚቆጥረው፣ የሩሲያዎቹ በሜትርና በኪሎ ሜትር። 3,000 ሜትር 9,843 ጫማ ስለሆነ ቁጥር ስትሰሚ "የምን?" ማለት ነውር አይደለም።

ጋሼ ኖት ምንድነው፣ በኪሎ ሜትር በሰዓት ቢሉት ምን ነበር? (ከአዳማ)

አንድ ኖት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል ነው፣ 1.852 ኪሎ ሜትር። ከመርከበኞች የተወረሰ ነገር ነው፣ እሱን ቶሎ እንለፈው። ይልቅ የምትጠይቀው "የትኛው ፍጥነት?" የሚለውን ይሁን፣ እሱም እንደ ከፍታው ሦስት ነው። ኢንዲኬትድ መሳሪያው የሚያሳይህ፣ ማለት ክንፍህ የሚሰማው የንፋስ ግፊት ነው። ትሩ በአየሩ ውስጥ የምትሄድበት እውነተኛው ፍጥነት ነው። ግራውንድ ስፒድ ደሞ ንፋሱ ተደምሮ ወይ ተቀንሶ ከመሬት አንፃር።

ለምን ይለያያሉ? ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ባቄላው ደጋ ላይ ለመብሰል የሚያስቸግረው የአየሩ ግፊት ዝቅ ስላለ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ክንፉም ያው ነው የሚቸገረው። በአቪዬሽን መደበኛ ስሌት መሠረት ለቦሌ ከፍታ "ኖርማል" የሚባለው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ነው፣ እኛ ግን ከሰዓት በኋላ 24 ዲግሪ ልናገኝ እንችላለን፣ በቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ለእያንዳንዷ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ስትጨምር ወደ 10,500 ይደርሳል። ዴንሲቲ አልቲትዩድ የሚሉት ይሄን ነው፣ አንተ መሬት ላይ ቆመሃል አውሮፕላኑ ግን 10,500 ጫማ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ሞተሩ ይደክማል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። ለማረፍ መሳሪያህ ላይ 140 ኖት ይዘህ ስትመጣ እውነተኛው ፍጥነትህ ወደ 164 ነው፣ ፍሬኑ የሚያቆመው እሱን ነው። ቢሾፍቱም 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከዚህ ሂሳብ አታመልጥም፣ አየር ኃይላችን ደሞ ዋና ቤቱ እዛ ነው።

ስቶል ማለት ሞተር መጥፋት ነው? (ሳሚ፣ ከባህር ዳር)

ሞተሩ ምንም ላይሆን ይችላል። ስቶል የሚያደርገው ክንፉ ነው። አንድ ቀን የአዳማን ፈጣን መንገድ ስትሄድ (ረዳቱ እንዳይጮህብህ ተጠግቶ የሚያልፍ መኪና እንደሌለ አይተህ) መዳፍህን ጠፍጣፋ አድርገህ ትንሽ ብቻ በመስኮት አውጣ። ከፊት በኩል ትንሽ ቀና ስታደርገው እጅህ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሊፍት እሱ ነው። ጨምር፣ ይጨምራል። ከመጠን በላይ ስታቀናው ግን ወደ ላይ መነሳቱን ይተውና ወደ ኋላ ብቻ ይገፋሃል። አየሩ ከመዳፍህ ጀርባ ተላቀቀ ማለት ነው፣ በቃ ስቶል አደረግክ። በክንፉና ፊት ለፊት በሚመጣው አየር መካከል ያለችው አንግል አንግል ኦፍ አታክ ትባላለች፣ ለተለመደ ቀጥ ያለ ክንፍ 15፣ 16 ዲግሪ አካባቢ ስትደርስ ጉዱ ይመጣል። አፍንጫው ወደ ታች እያየም፣ ፍጥነቱ ብዙ ሆኖም ስቶል ይደረጋል፣ ወሳኟ አንግሏ ናት። ቀጥ ብሎ ሲሄድ 60 ኖት ላይ ስቶል የሚያደርግ አውሮፕላን ከፍታውን ጠብቆ 60 ዲግሪ ተጋድሞ ሲዞር 85 ላይ ያደርጋል።

መፍትሄው ስቲኩን (የአውሮፕላኑን መሪ ዘንግ) ወደፊት መግፋት ነው፣ መሬት ወደ አንተ እየመጣች እያየህ! እጅ ግን ወደ ራሱ ነው የሚስበው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ስቤዋለሁ፣ አስተማሪዬ ምንም ሳይል ጉልበቴን መታ አርጎ ስቲኩን ገፋው።

ጂ ሲበዛ ሰው ይደነዝዛል ይላሉ፣ እውነት ነው? 60 ኪሎ ነኝ፣ እችለዋለሁ? (ስሜ ይቅር፣ ከጎንደር)

አሁን ተቀምጠሽ ስታነቢ 1 ጂ ነሽ፣ ማለት የሚሰማሽ የራስሽ ክብደት ብቻ ነው። ጄቱ በኃይል ሲታጠፍ ግን ጂው ይጨምራል፣ 6 ጂ ላይ 60 ኪሎሽ 360 ኪሎ ይከብዳል፣ ደምሽም እንደዛው ከብዶ ወደ እግርሽ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፣ ሁሉ ነገር ግራጫ ይሆናል፣ ከዛ ዙሪያው እየጠበበ በቀርቀሃ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ትሆኛለሽ፣ ከዛ ጨለማ፣ ከዛ ራስን መሳት፣ ጂ ሎክ ይሉታል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረርሽ 12 ሰከንድ ብቻ ራስሽን ብትስቺ 3 ኪሎ ሜትር ሄደሻል። ጂ ሱት የሚባለው ሱሪ በአየር እየተነፋ እግርና ሆድሽን ይጨምቃል፣ ዋናው ሥራ ግን ያንቺ ነው፤ እግርና ሆድ አጠንክሮ፣ ሙሉ ጀሪካን ስታነሺ እንደምታምጪው አምጦ፣ በየ3 ሰከንዱ ፈጠን ያለ ትንፋሽ። ይሄ ቴክኒክ ይሰለጠናል፣ ኪሎ ብቻውን አይወስንም። እችለዋለሁ ወይ ላልሽው መልስ የሚሰጡሽ የአቪዬሽን ሐኪሞች ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ራዳር ጅራት ላይ ነው የሚገጠመው? (ብዙ ሰው ጠይቋል)

ጅራት ላይ ያለችው ራደር ናት፣ በእግር የምትነዳ፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የምትመልስ። ራዳር ሌላ ነው፣ ተዋጊ ጄት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው ውስጥ ነው ያለው። በፊደላችን ሲጻፉ መንታ ሆነው ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ቦጊ፣ ባንዲት፣ ታሊ ምናምን የሚሉት ምንድነው? (አቤል፣ ከአዲስ አበባ)

እነዚህ የኔቶዎቹ የውጊያ አጫጭር ቃላት ናቸው። ቦጊ ማንነቱ ያልታወቀ አውሮፕላን፣ ባንዲት ጠላትነቱ የተረጋገጠ። ቢንጎ ማለት ነዳጄ ቤት ለመመለስ የሚበቃኝ ያህል ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። እኔ የምወደው ግን "አየሁት" የሚለውን እንዴት እንደሰነጠቁት ነው። ጠላትን ካየህ "ታሊ"፣ ወገንን ካየህ "ቪዥዋል"። ጠላት ካልታየህ "ኖ ጆይ"፣ ክንፍህ ላይ መሆን ያለበት የራስህ ጓደኛ ከጠፋብህ ደሞ "ብላይንድ"። ሁለት ተመሳሳይ ጄት አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲዞሩ አንዱ "አየሁት!" ብሎ ቢጮህ የትኛውን እንዳየ በምን ታውቃለህ?