"በአንድ ቁጥር ይንገሩኝ" ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ጻፈልኝ። የመመረቂያ ጽሑፉን እየሠራ ነው። "ጋሼ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከሶላር የትኛው ነው ርካሹ? ክርክሩ በዛብኝ፣ በአንድ ቁጥር ይንገሩኝ" ይላል፣ የሠራውን የኤክሴል ፋይልም አያይዟል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ማታ ላይ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም ይሄንኑ ጥያቄ እኔም አንዴ በአንድ ቁጥር መልሼዋለሁ፣ የመለስኩላቸው ሰውዬ ደግሞ አምነውኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ውጭ አገር የአንድ ኤሌክትሪክ ድርጅት ፕላኒንግ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ አርባ ልሞላ ትንሽ የቀረኝ፣ ኃላፊ ከተባልኩ ገና ሦስት ወር የሆነኝ። ድርጅቱ አንድ ያረጀ የከሰል ጣቢያ ነበረው፣ ብዙ ገንዘብ አውጥተን የጭስ ማጣሪያ እንግጠምለትና ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን ሂሳብ ሥራ ተባልኩ። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። የግንባታውን፣ የነዳጁን፣ የጥገናውን፣ የወለዱን ወጪ ደምረህ ጣቢያው በዕድሜው ለሚያመነጨው ኪሎዋት ሰዓት ታካፍላለህ፣ አንድ ንጹህ ቁጥር ይወጣል። የኔም ወጣ፣ ከሰሉ ሶላሩን በሰፊው አሸነፈ። ሁለት ሴል (የኤክሴል ሳጥን) ውስጥ ግን በግምት የሞላሁት ነገር ነበር። አንዱ "የሶላር ዋጋ በዓመት 2 ፐርሰንት ይቀንሳል" ይላል፣ ሌላው "ጣቢያው ከሙሉ አቅሙ 80 ፐርሰንት ያመነጫል"። 80ውን ያገኘሁት ካለፈው ዓመት ሪፖርት ነው፣ ከዛ በማውሱ ይዤ ያንኑ ቁጥር ለ25 ዓመት ወደ ታች ጎተትኩት። ሦስት ሰከንድ አልፈጀብኝም። ስብሰባ ላይ ስለ ቀለሙና ስለ ግራፉ ብዙ ተጠየቅኩ፣ ስለዛች ሴል ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ውጤቱን ለሠራተኞቹ እንዳስረዳ ጣቢያው ድረስ ተላኩ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር የሄድኩት፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ኮሌታዬ ግራጫ ሆነ። የፈረቃ ኃላፊው ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፣ ሄልሜት ጭንቅላቴ ላይ ደፍተውልኝ ቦይለሩ ጎን ወሰዱኝና በትንሿ የመስታወት ቀዳዳ እሳቱን አሳዩኝ። ከሰሉ እንደ ዱቄት ልሞ በአየር ተነፍቶ እንደሚገባ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፣ አስቡት፣ የጣቢያውን የ25 ዓመት ዕጣ ፈንታ የጻፍኩት ሰውዬ በሐሳቤ አካፋ ነገር ነበር ያለው። እዛው ጩኸቱ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው "ወንድሜ፣ ይሄ ሶላር የምትሉት ነገር ቢበዛ እኩለ ቀን ላይ እኛ ምን እንሠራለን?" አሉኝ። አልገባኝም። አብራሩልኝ፣ "ይቺን ከ40 ፐርሰንት በታች ካወረድካት እሳቷ ይርበተበታል፣ ዘይት ካላጠጣሃት ትጠፋለች። ማታ ደግሞ ቶሎ ውጪ ካልካት ብረቷ ይሰነጠቃል። ቀን ቀን እየወረደች ማታ ማታ እየወጣች 25 ዓመት አትኖርም።"

እኔ ምን አልኩ? "ሶላር እኮ ውድ ነው፣ እዛ አይደርስም" አልኩ። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት፣ እሷ ፈገግታ ናት እስከዛሬ የምታሳፍረኝ። ስንመለስ ኮንትሮል ሩሙ በር ላይ ቆም አሉና ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ወደ አንድ የውሃ ኃይል ማመንጫ የዝውውር ዕድል መጥቶላቸው ኖሯል፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ናቸው፣ ቤት ሊገዙ ነው። "ልሂድ ወይስ ልቆይ?" አሉኝ። "ይቆዩ፣ ጡረታዎን እዚሁ ነው የሚወጡት" አልኳቸው። ከየት አምጥቼ? ከዛች ከጎተትኳት ሴል።

ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። የሆነው ልክ ሰውየው እንዳሉት ነው። ቀን ላይ ሶላሩ ሲበዛ ጣቢያው ይወርዳል፣ ፀሐይ ስትገባ በጥድፊያ ይወጣል፣ ቱቦ መሰንጠቅ መጣ፣ ጥገናው ናረ። 80 ያልኩት ከ40 በታች ሆነ፣ ያ ማለት ነዳጅ ሳይጨምር ሌላው ቋሚ ወጪ በሙሉ ካሰብኩት ኪሎዋት ሰዓት ለግማሹ ብቻ ይካፈላል፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ እጥፍ። የሶላሩ ዋጋማ አይነሳ። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ፣ አይሬና፣ ባወጣው ስሌት አዲስ የሚገነባ ትልቅ ሶላር በዓለም አማካይ እ.ኤ.አ. በ2010 በኪሎዋት ሰዓት 46 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፣ በ2023 ወደ 4.4 ሳንቲም ወርዷል። በኔ 2 ፐርሰንት ቢሆን ኖሮ 35 ሳንቲም ላይ ነበር የሚሆነው። እኔ ብቻ አይደለሁም የተሳሳትኩት፣ ዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲም ሶላርን በተደጋጋሚ አሳንሶ ገምቷል፣ ግን እነሱን አምኖ ዝውውር የተወ ሰው እኔ አላውቅም።

የመጨረሻው ቀን ሄጄ ነበር። ተርባይን ሲቆም ዘንጉ ትኩስ ስለሆነ ዝም ብለህ ከተውከው በራሱ ክብደት ይጎብጣል፣ ለዛ ነው በትንሽ ሞተር ቀስ እያለ እየዞረ ለቀናት እንዲቀዘቅዝ የሚደረገው። ያን ቀን ሰውየው ማሽኑን አቆሙና፣ ፍጥነቱ እስኪወርድ ጠብቀው፣ ያቺን ትንሽ ሞተር አስነሷት። ከዚህ በኋላ ለማይነሳ ማሽን። አንዱ ወጣት "ለምንድነው?" ቢላቸው "ይጎብጣላ" አሉት። እኔን አዩኝ፣ ሰላምታ ሰጡኝ፣ ስለዛ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የውሃ ኃይሉ ቦታ ያኔ በሌላ ሰው ተይዟል፣ እሳቸው 57 ናቸው፣ ቤቱም ጣቢያ በሌለው ሰፈር ማን ይገዛዋል።

አሁን ኢንተርኔት ላይ የናንተን ክርክር ሳይ ምን ይሰማኛል መሰላችሁ፣ አንዱ ስክሪንሾት ይለጥፋል "ሶላር ከሁሉም ርካሽ ነው" ብሎ፣ ሌላው በሌላ ስክሪንሾት ይመልስለታል፣ ሁለቱም ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይተው የመጡ፣ አንዳቸውም ፋይሉን አልከፈቱም። እውነቱን ለመናገር እኛም ከናንተ አንሻልም ነበር፣ ስክሪንሾት አለመለጠፋችን ነው እንጂ። የእኩለ ቀን ኪሎዋትና የምሽት ኪሎዋት አንድ ዕቃ አይደለም፣ ሶላሩ ላይ ባትሪና የማስተላለፊያ መስመር ሲጨመር ነው ምሽቱን የሚሸፍነው። ከሰሉም ቢሆን ጭሱ የሚያመጣው በሽታ ኤክሴሉ ውስጥ የለም፣ ያ ወጪ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚከፈለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከጭሱ በሚወጣው ካርቦን ላይ ከዚህ በታች አይወርድም የሚል የክፍያ ወለል ሲያስሩበት ነው ከሰላቸው ቶሎ የወደቀው፣ በ2012 የኤሌክትሪካቸውን 40 ፐርሰንት ገደማ ይሰጥ የነበረውን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ 2024 የመጨረሻውን ጣቢያ ራትክሊፍን ዘግተው ጨረሱ።

ወለድንም አትናቁ። ሶላርና ንፋስ ነዳጅ አይገዙም፣ ወጪያቸው ከሞላ ጎደል በሙሉ የመጀመሪያ ቀን ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ የብድሩ ዋጋ ነው የሚወስነው። ለ25 ዓመት የተወሰደ ብድር ወለዱ ከ4 ወደ 8 ፐርሰንት ቢሄድ ዓመታዊ ክፍያው በግማሽ ገደማ ይጨምራል። ፓነሉ ያው ፓነል፣ ፀሐዩም ያው ፀሐይ ነው። ድሃ አገር ላይ "ታዳሽ ውድ ነው" ሲባል ብዙ ጊዜ ውዱ ብድሩ ነው።

የከሰል ጣቢያ ቶሎ መዘጋት አለበት ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ የኛ ጣቢያ እንደውም በ2009 ነበር መዘጋት የነበረበት፣ ማጣሪያው ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ሰውየውንና ጓደኞቻቸውን አሠልጥኖ ይተርፍ ነበር። ግን ደግሞ ቶሎ ሲባል አውስትራሊያ ውስጥ ሄዝልውድ የሚባለው 1600 ሜጋዋት የከሰል ጣቢያ እንደሚዘጋ በኖቬምበር 2016 ተነግሮ በማርች 2017 ተዘጋ፣ አምስት ወር! ሠራተኛውም ገበያውም አልተዘጋጀም፣ ዋጋ ሲንር ነው በኋላ የሦስት ዓመት ቅድሚያ ማስታወቂያ ግዴታ ያደረጉት። ስለዚህ ቶሎም ቀስም እያልኩ ነው፣ አውቃለሁ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ለኔ ዋናው ነገር ቀኑ ቀድሞ ለሰዎቹ መነገሩ ነው።

ለአንተ ለጻፍክልኝ ልጅ፣ አንድ ቁጥር አልሰጥህም። እሺ፣ አዲስ ከሰል ከመገንባት ሶላር ይሻላል ብዬ እወራረዳለሁ፣ ይኸው ሰጠሁህ፣ ጥቅስ ውስጥ ግን እንዳታስገባኝ። ፋይልህን ከፍቼዋለሁ። ጎበዝ ነህ፣ ግራፍህ ከኔ በጣም ያምራል። ሦስተኛው ሺት ላይ፣ ዲ አምድ፣ "የጣቢያው አጠቃቀም 85 ፐርሰንት" ብለህ እስከ 2050 ድረስ ጎትተኸዋል። ከየት አመጣኸው? ጣቢያው ውስጥ የሚሠራ ሰው አናግረሃል?