ዕቃ የበዛበት ቤት

ጥያቄ፦ ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር የድሮውን ቤት ዕቃ በሙሉ ይዘን በመምጣታችን መተላለፊያ አጣን። ባለቤቴ «ይጠቅማል» እያለ አንዳች አያስጥለኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ክርክር ከሚያስነሳው ቡፌ ሳይሆን ማንም ከማይሟገትለት ነገር፣ ማለትም ክዳናቸው ከጠፋ የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ከባዶ ጠርሙሶችና ከተቀደዱ ድስቶች ይጀምሩ፤ እነዚህን ቆራሌው በደጅዎ ሲያልፍ ይገዛዎታል፣ ብረታ ብረቱም መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ወይም ሌላ ዕቃ ሆኖ ይሠራል። ደህናውን ልብስ ግን ባይሸጡት እመርጣለሁ፤ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃዎች ይቀበሉዎታል። በሳምንት አንድ መሳቢያ ማየት ይበቃል፤ በአንድ ቅዳሜ ቤቱን ሁሉ ማተራመስ ጠብ ብቻ ያተርፋል። ለእንግዳ ተብለው የተቀመጡትን ብርጭቆዎች በካርቶን አሽገው ቀን ይጻፉበት፤ እንቁጣጣሽና ፋሲካ አልፈው ካርቶኑ ካልተከፈተ፣ ባለቤትዎም የሚከራከሩበት ምክንያት አይኖራቸውም።