ልጄ ላንቃዋ በብሎን ይስፋ ተባልኩ፣ ላስደርግ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ስትነክስ በቀኝ በኩል የላይኞቹ ጥርሶቿ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ገብተው ነው የሚገጥሙት። ደሴ ወስጄ ያሳየኋት ሐኪም ላንቃዋ ጠባብ ነው፣ በብሎን የሚሰፋ ብረት ይደረግላት አለኝ። አያቷ ግን «የወተት ጥርሷ ሲረግፍ ራሱ ይስተካከላል፣ ልጅቷን አታሰቃዪያት» ይሉኛል። እኔም አጥንቷ የሚሰነጠቅ መስሎኝ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አስደርጊላት። አያቷ ለልጅቷ አዝነው ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ጠባቡ አጥንቱ ስለሆነ ቋሚው ጥርስም የሚበቅለው እዚያው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። አንዳንድ ልጅ ጥርሱ አልገጥም ሲለው አገጩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ መንከስ ይለምዳል፣ ይሄ ሲቆይ ፊቱ ወደ አንድ ጎን አድልቶ እንዲያድግ ሊያደርግ ይችላል። እስቲ ቀስ ብላ አፏን ስትገጥም ፊት ለፊት ሆነሽ እያት፣ አገጯ ሸርተት ይላል?

አጥንቷ አይሰበርም። ላንቃ ግራና ቀኝ ሆኖ መሃል ላይ የሚጋጠም ነው። በልጅነት መጋጠሚያው ገና ስላልጠነከረ ይከፈታል፣ ክፍተቱንም አዲስ አጥንት ይሞላዋል። ከጉርምስና በኋላ ግን እየከበደ ይሄዳል፤ አዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። አታቆዪው የምልሽ ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ብሎኑን የምታዞሪው አንቺ ነሽ። ብርሃን ያለበት ቦታ ጭንሽ ላይ አስተኝተሻት፣ የብሎኑን ማዞሪያ ቁልፍ ብሎኑ ላይ ከፊት ባለው ቀዳዳ አስገብተሽ፣ ቀጣዩ ቀዳዳ ብቅ እስኪል ወደ ጉሮሮዋ በኩል ትገፊያለሽ። አንዱ ግፊት ብረቱን አብዛኛውን ጊዜ በ0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ያሰፋዋል። ቁልፏን በክር እሰሪያት፣ ከእጅሽ ብታመልጥ ልጅቷ እንዳትውጣት። ሐኪሙ ካዘዘሽ በላይ አታዙሪ። ለጥቂት ቀን ንግግሯ ይኮላተፋል፣ ምራቅ ይበዛባታል። ቆሎና ማስቲካ ይቅርባት።

ከዚያ የፊት ጥርሶቿ መሃል ፍንጭት ይወጣል። ብዙ እናት የምትደነግጠው እዚህ ጋ ነው፤ እንዲያውም አጥንቱ መከፈቱን የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀስ እያለ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠባል። ማዞሩ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም 3 ሳምንት ያልቃል። ብረቱ ግን አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ከ3 እስከ 6 ወር አፏ ውስጥ ይቆያል፣ በመሃል ይውጣልኝ ብትልሽ እሺ እንዳትያት።

ስትተኛ አፏን ከፍታ የምታንኮራፋ ወይም ጣቷን የምትጠባ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ የጠባብ ላንቃ አንዱ መነሻ ሊሆን ስለሚችል አብሮ መታየት አለበት።