የተሰፋ ሳህን ይገዛል ወይ? ስለ አሮጌ ፖርሴሊን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ አሮጌ ፖርሴሊን (ከነጭ ሸክላ ተሠርቶ በከፍተኛ ሙቀት ስለተተኮሰ ዕቃ)፣ በተለይ ተሰብሮ ስለተጠገነው፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከአንኮበር፣ ከመሃል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ፎቶ ብቻ ልካችሁ «ስንት ያወጣል?» ያላችሁ አትቀየሙኝ፤ በእጄ ሳልይዝ ዋጋ አልቆርጥም።

ጋሼ፣ እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ትልቅ ሳህን አለ። ከጀርባው ሦስት ሽቦ ተመቶበታል፣ ከፊት ግን ምንም አይታይም። ምንድነው?

እኔ ከሁሉም የምወደው ጥገና ነው ያለሽ። የዛሬዎቹ ጠንካራ ማጣበቂያዎች ከመምጣታቸው በፊት በቻይናም በአውሮፓም ውድ ዕቃ ሲሰበር እንዲህ ነበር የሚሰፋው። ጠጋኙ ስባሪውን ገጥሞ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። ከዚያ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ጫፉ አልማዝ በሆነ መሰርሰሪያ ትንንሽ ቀዳዳ ያወጣል። ቀዳዳው አያልፍም። የሳህኑን ውፍረት ግማሽ ያህል ገብቶ ይቆማል፤ ከፊት የማይታየውም ለዚህ ነው። ሽቦው በሁለቱ ቀዳዳ መካከል ካለው ርቀት በጣም በትንሹ እንዲያጥር ይደረጋል። ተወጥሮ ስለሚገባ ሁለቱን ወገን ስቦ ይይዛል። አስቢው፣ ፖርሴሊን እስከ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የተተኮሰ ነገር ነው። ትንሽ እጅ ከከበደ መሰርሰሪያው ራሱ ይሰብረዋል።

አሁን ሳህኑን ገልብጠሽ በስልክሽ መብራት እይው። ሽቦው ወደ ቢጫ ካደላ ናስ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ቡናማ እድፍ ካለ ብረት ነው፣ ዝጓል። ቀዳዳው አፍ ላይ ነጭ ነገር ካየሽ ክፍተቱ የተደፈነበት ጄሶ ሊሆን ይችላል። አትፈቅፍቂው።

ጎረቤቴ «ሽቦውን አውጥተህ በሱፐር ግሉ ለጥፈው፣ ያምራል» ይለኛል።

ጎረቤትህን ቡና ጋብዘው፣ ምክሩን ግን እለፈው። ሽቦውን ስታወጣ የሚቀርህ የተሰነጠቀ ብቻ ሳይሆን የተበሳሳም ሳህን ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገውን ነገር ጥለህ ጉድለቱን አስቀረህ ማለት ነው። ሱፐር ግሉ ደግሞ ቶሎ ስለሚይዝ ስባሪው አንዴ ተዛንፎ ከገባ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ሽቦው ዝጎ አካባቢውን እየሰነጠቀ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም ለባለሙያ ነው የሚሰጠው።

በወርቅ መስመር የተጠገነ ስኒ ፎቶ አየሁ። የኛ አገር ውስጥ ይገኛል?

የጃፓኑ ኪንትሱጊ ነው። ኡሩሺ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የሚሠራ ላከር (ሲደርቅ የሚጠነክር ቅብ) ስባሪውን ይይዛል፤ ላዩ ላይ የወርቅ ዱቄት ይነሰነሳል። ላከሩ የሚጠነክረው እርጥበትና ሙቀት ባለበት ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። እዚህ ሰፈር የድሮውን አይቼ አላውቅም። አሁን በወርቃማ መስመር የሚሸጠው አብዛኛው ኤፖክሲ የሚባል ዘመናዊ ማጣበቂያ ላይ የሚያብለጨልጭ ዱቄት የተነፋበት ነው። ለማማር ያምራል፣ የድሮ ብለህ ግን አትግዛ።

ስለ ወርቁ ሲወራ አንድ ታሪክ ሁሌ ይነሳል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን ሹም አሺካጋ ዮሺማሳ የሚወደው አረንጓዴ የቻይና ጎድጓዳ ሳህን ተሰነጠቀበት። ይህን የመሰለ ሌላ ላኩልኝ ብሎ ቻይና ሰደደው። ይህን የሚተካ ዛሬ የለንም ብለው በብረት ሰፍተው መለሱለት ይባላል። ብዙ ሰው «ስፌቱ አስጠልቶት ወርቁን ፈጠሩ» ብሎ ይጨርሰዋል። ዕቃው ግን አልተጣለም፣ ስፌቱም አልተነቀለም። ዛሬ ከነብረቱ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ስሙ እንኳ ከስፌቱ የመጣ ነው፤ ብረቶቹ አንበጣ ይመስላሉና።

አፉ የቆርቆሮ የሆነ የፖርሴሊን በራድ ገዛሁ። ተሸወድኩ?

አልተሸወድክም። አፉ ሲሰበር ብረት ሠሪ በቆርቆሮ ወይም በብር መተካት የተለመደ ነበር። እጀታም፣ ክዳንም እንዲሁ። እንደ ሙሉ ዕቃ ከፍለህበት ከሆነ ግን አዎ፣ ተሸውደሃል።

የድሮ ጥገና አስመስለው የሚሠሩ አሉ ይባላል። እንዴት ይለያል?

አሉ። የተጠገነ ነገር ተፈላጊ ሲሆን አዲስ ሳህን ላይ ሽቦ የሚመታ አይጠፋም። መጀመሪያ ሽቦው ሥራ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስንጥቅ በሌለበት ቦታ ለጌጥ የተደረደረ ሽቦ ያስጠረጥራል። ቀጥሎ እድፉን እዩ። የድሮ ስንጥቅ ውስጥ ወጥና ሻይ ገብቶ ስለቆየ መስመሩ ይጠቁራል፣ አንዱ ጋ ወፈር አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። አዲሱን በሻይ ቢነክሩትም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛል። የሳህኑን እግርም፣ ከስሩ የሚቆምበትን ቀለበት፣ በጣት ዳስሱት፤ ዘመኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ የተጎተተ እግር ለስልሶ ይቆያል። ከላይ ያረጀ ጥገና፣ ከታች ሸካራና ንጹሕ እግር ካገኛችሁ ለሻጩ መልሱለት።

ብር ኖት የሚፈተሽበት ዓይነት ሐምራዊ መብራት ካገኛችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩበት። ብዙ ዘመናዊ ማጣበቂያና ቀለም ከፖርሴሊኑ ተለይቶ ያበራል። ሻጩ ስለ ሽቦው እያወራ፣ ሌላ የተደበቀ ስብራት እንዳለ የሚያጋልጠው ይህ ነው። እኔ በይፋ ከሚታየው ጥገና ይልቅ የተደበቀውን ነው የምፈራው።

ከስሩ የቻይና ጽሑፍ አለ። አንድ ሰው አንብቦ የንጉሥ ቼንግኋ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1465–1487 አለኝ። ሀብታም ሆንኩ ማለት ነው?

ቀስ በል። ቻይናዎች የቀደሙ ነገሥታትን ምልክት ለክብርም ለንግድም ይጽፉ ነበር። ከእሱ በኋላ በነገሠው በካንግሺ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1662 እስከ 1722፣ የቼንግኋ ምልክት በሽ ነው። ዛሬም ይጻፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን፣ በመጨረሻ ጽሑፉን እይ። «ሜድ ኢን ጃፓን» የሚል ካለው ይቀላል፤ ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1921 ወዲህ ነው። እስከዚያ በአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ ምክንያት «ኒፖን» (በጃፓንኛ ጃፓን ማለት ነው) ተብሎ ይጻፍ ነበር።

አንኮበር ድረስ እንዲህ ያለ ዕቃ በምን መጣ?

በግመል። ከታጁራና ከዘይላ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ አፋርን አቋርጦ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። ከዚያ አንኮበር ቤተ መንግሥት ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስጦታ ጭኖ የመጣውም በታጁራ መንገድ ነው። ይህ ማለት ግን የአያትህ ስኒ ከቤተ መንግሥት ወጣ ማለት አይደለም። «የሣህለ ሥላሴ ነው» ያለኝ ሻጭ ሁሉ እውነት ቢናገር ንጉሡ ስኒ ብቻ ሲሰበስቡ በኖሩ ነበር።

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ስናርስ ሰማያዊ ቀለም ያለው ገል ወጣ። ልሸጥልህ?

አልገዛም፣ ለማንም አትሽጠው። ያላችሁበት የጥንቱ ይፋት ነው። እነ ኖራና አስበሪ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ በዚያ ግርጌ ነው ያለው። በሐረር መንገድ ሐርላ ላይ በተደረገ ቁፋሮ ከቻይና የመጣ ሸክላ ስባሪ ተገኝቷል፤ ያንተ ገልም አንድ ነገር ሊናገር ይችላል። የሚናገረው ግን የወጣበት ቦታ ከታወቀ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር አይቻልም፤ ቅርስ ሲገኝም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቦታውን ምልክት አድርግ፣ ፎቶ አንሳ፣ የወረዳችሁን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጥራ።

በተሰፋ ስኒ ቡና ይጠጣል?

አይጠጣም። ስንጥቁ ቆሻሻ ይይዛል፣ የአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፣ ሽቦውም ይዝጋል። ደግሞ በኛ ቤት የተሸረፈ ስኒ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር መሆኑን ታውቂያለሽ። በደብረ ብርሃን ብርድ ያደረ ስኒ ላይ የፈላ ነገር መገልበጥ ደህናውንም ይሰነጥቃል። ስታጥቢው ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። በረኪና በፍጹም፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሽቦውን ይበላዋል።

እሺ፣ ስንት ይከፈላል?

ሙሉው ከሚያወጣው ከግማሽ በታች ጀምር። ስፌቱ ጥሩ እጅ ያለበት ከሆነ ትንሽ ጨምር። ዕቃው ራሱ ተራ ከሆነ ስፌት አያድነውም።

አሥር ሳህን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ልወስድ ነው።

ፖርቶ መጋላ ላይ አትጫነው፣ ካንተ ጋር ይግባ። እያንዳንዱን ለብቻ በጨርቅ ጠቅልል። ካርቶን ውስጥ አታጋድም፤ በጠርዛቸው ይቁሙ፣ መካከላቸው ጨርቅ ይጠቅጠቅ። የተሰፋው መሃል ይግባ፣ በሽቦው ግን አታንጠልጥለው። ረዳቱ ካርቶኑ ላይ ሻንጣ ሊደርብ ሲል ከልክለው።